ትምህርት አሥራ አራት፦ ታሪካዊ ፊልምንና ተከታዩን ክፍል መመዘን

የትምህርቱ ዓላማ

ከዚህ ትምህርት በኋላ ተማሪዎች፦
1. የታሪካዊ ፊልምን ምንነት ያስረዳሉ፤
2. የተፈጸመውን ታሪክ ከፈጠራው ለይተው ያመለክታሉ፤
3. አንድ ተከታይ ክፍል ከፊተኛው ጋር ያለውን ዝምድና ይመዝናሉ፤
4. በማስረጃ የተደገፈ የሂስ ድርሰት ይጽፋሉ።

መግቢያ

አንድ ፊልም አይቶ «ግሩም ነው» ወይም «አይረባም» ማለት ለማንም አያዳግትም። ለምን ግሩም እንደ ሆነ፣ ለምንስ እንደማይረባ በማስረጃ ማስረዳት ግን ትምህርትና ልምምድ ይጠይቃል። ሂስ ማለት ነቀፋ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ሂስ የአንድን የጥበብ ሥራ ብርታትና ድካም ለይቶ ማሳየት ነው። ሐያሲ እንደ ጥሩ ዳኛ ነው፤ የሁለቱን ወገን ቃል ሳይሰማ፣ ማስረጃውንም ሳይመረምር አይፈርድም።

ሂሱ የሚቀርብበት ሥራ ታሪካዊ ሲሆን ኃላፊነቱ ከፍ ይላል። ምክንያቱም ብዙ ሰው ስለ ጥንት ዘመን ያለው ዕውቀት ከመጽሐፍ ይልቅ ከፊልም የመጣ ነው። ፊልሙ የተሳሳተ እንደ ሆነ ስሕተቱ በተመልካቹ ልብ ውስጥ እንደ እውነት ተተክሎ ይቀራል። የሞቱ ሰዎች ደግሞ ተነሥተው «እኔ እንዲህ አላደረግሁም» ሊሉ አይችሉም። ስለ እነርሱ የሚናገር ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሀ. ታሪካዊ ፊልም ምንድን ነው?

ታሪካዊ ፊልም ቀደም ባለ ዘመን የተፈጸመን ድርጊት ወይም በእውነት የነበረን ሰው መነሻ አድርጎ የሚሠራ ፊልም ነው። ከዚህም ዓይነት መካከል ብዙ ሠራዊት የሚሰለፍበት፣ የነገሥታት ሽኩቻና የአገሮች ዕጣ የሚታይበት ሰፊ ሥራ ታላቅ ታሪካዊ ፊልም ሊባል ይችላል።

ታሪካዊ ፊልም ከጥናታዊ ፊልም ይለያል። ጥናታዊ ፊልም በማስረጃ፣ በምስክር ቃልና በሥዕል ላይ ተመሥርቶ የሆነውን ለማሳየት ይጥራል። ኢትዮጵያዊው የፊልም ሰው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረበው «አድዋ» ለዚህ ዓይነቱ ምሳሌ ይሆናል። ታሪካዊ ፊልም ግን የታሪክ ጸሐፊ ያላየውን ጓዳ ያሳያል፤ ማንም ያልሰማውን ንግግር ያሰማል። ስለዚህ ፈጠራ መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥያቄው «ፈጠራው ለምን አገለገለ?» የሚል መሆን አለበት።

ተከታይ ክፍል ደግሞ አስቀድሞ የቀረበ ፊልም ካቆመበት ተነሥቶ ታሪኩን የሚቀጥል ሥራ ነው። ተከታይ ክፍል ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው ዕዳ ለታሪክ፣ ሁለተኛው ዕዳ ደግሞ ለፊተኛው ክፍል ነው።

ለ. አራቱ መመዘኛዎች

*1. ታሪካዊ እውነት።* ስሞቹ፣ ዘመኑ፣ ቦታውና ዋና ዋና ድርጊቶቹ ከታሪክ ጋር ይስማማሉን? ካልተስማሙ ለውጡ የዘመኑን መንፈስ ይበልጥ ያሳያል ወይስ ያዛባል? ጥቃቅን ስሕተትን ከከባዱ መለየት ይገባል። የልብስ ቀለም መሳሳቱ ቀላል ነው፤ በዳዩን ተበዳይ፣ ተበዳዩን በዳይ ማድረግ ግን ከባድ ነው።

*2. የታሪኩ አካሄድ።* ድርጊቶቹ በምክንያትና በውጤት የተያያዙ ናቸውን? ወይስ ጦርነት ስለሚያምር ብቻ ጦርነት ይከተላልን? ገጸ ባሕርያቱ የሚያደርጉትን የሚያደርጉበት በቂ ምክንያት አላቸውን?

*3. ከፊተኛው ክፍል ጋር ያለው ዝምድና።* ተከታዩ ክፍል በፊተኛው ካልተፈታ ጥያቄ የተወለደ ነውን? ወይስ የፊተኛውን ታሪክ ስም ብቻ ቀይሮ ይደግመዋልን? አዲስ የሚገልጸው ነገር የፊተኛውን ትርጉም ያጎለብታል ወይስ ያፈርሰዋል?

*4. የአቀራረብ ጥበብ።* ትወናው፣ ድምፁ፣ ብርሃኑ፣ አልባሳቱና የካሜራው አያያዝ ለጭብጡ ያገለግላሉን? ዓይንን የሚሞላ ሁሉ ልብን አይሞላም።

ሐ. ማሳያ፦ «ግላዲያተር» እና ተከታዩ

ግላዲያተር ማለት በጥንቷ ሮማ በአደባባይ፣ በሕዝብ ፊት፣ ለትርኢት የሚፋለም ሰው ነው። ብዙዎቹ ባሮች፣ የጦር ምርኮኞች ወይም ወንጀለኞች ነበሩ። እንግሊዛዊው አዘጋጅ ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ2000 «ግላዲያተር» የተባለውን ፊልም አቀረበ። ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ አምስት የኦስካር ሽልማቶችን አገኘ። ከ24 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ያው አዘጋጅ ተከታዩን ክፍል አቀረበ።

የፊተኛው ክፍል ማክሲሙስ የተባለ የጦር አዛዥ ታሪክ ነው። ኮሞዱስ አባቱን ማርቆስ አውሬልዮስን በገዛ እጁ አፍኖ ገድሎ ዙፋኑን ይይዛል። የማክሲሙስ ሚስትና ልጅ ይገደላሉ፤ እርሱም ባሪያ፣ ኋላም ግላዲያተር ይሆናል። በመጨረሻ ኮሞዱስን በአደባባይ ገድሎ ራሱም ይሞታል።

አሁን ታሪክን እንጠይቅ። ማክሲሙስ የፈጠራ ሰው ነው። ማርቆስ አውሬልዮስ እ.ኤ.አ. በ180 መሞቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የታሪክ ሊቃውንት በበሽታ እንደ ሞተ ይገምታሉ። ኮሞዱስም ዙፋኑን በአባቱ ሞት ድንገት አልቀማም፤ ከ177 ጀምሮ ከአባቱ ጋር በሥልጣን ተካፋይ ነበር። እርሱ ራሱ የተገደለው በ192 ሲሆን፣ የገደለውም አንድ ታጋይ በማነቅ እንጂ በአደባባይ ፍልሚያ አይደለም። የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ቄሣሩ ከክብሩ ወርዶ በአደባባይ መፋለሙ ከሁሉ ይልቅ ተረት ይመስላል፤ ነገር ግን ኮሞዱስ በእርግጥ እየወረደ ይፋለም ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ «ይህ ሊሆን አይችልም» ብሎ ከመፍረድ በፊት መመርመር እንደሚገባ ነው።

ተከታዩ ክፍል የሚጀምረው ወደ 200 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ ነው። የሮማ መርከቦች በሰሜን አፍሪካ የምትገኘውን ኑሚድያን ይወርራሉ። ሮማንም ካራካላና ጌጣ የተባሉ ሁለት ጨካኝ ወንድማማቾች ይገዛሉ። ታሪክ ግን እንዲህ አይልም። ነጻዋ ኑሚድያ በሮማ እጅ የወደቀችው ከዚያ ከ200 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነበር። በ200 ዓ.ም. ሮማን የሚገዛው የወንድማማቾቹ አባት ሴፕቲሚዮስ ሴቬሩስ ነበር። እርሱም በዛሬዋ ሊቢያ፣ ሌፕቲስ ማግና በተባለች ከተማ የተወለደ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ካራካላ ገና የ12፣ ጌጣ ደግሞ የ11 ዓመት ልጆች ነበሩ። ሁለቱ አብረው የነገሡት በ211 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ካራካላ ወንድሙን አስገደለ።

ማክሪኑስም በእርግጥ የነበረ ሰው ነው። በፊልሙ በዴንዘል ዋሽንግተን የተወከለው ይህ ሰው ከባርነት ወጥቶ የግላዲያተሮች ጌታ የሆነ ተንኰለኛ ነው። በታሪክ ግን በዛሬዋ አልጄሪያ ተወልዶ፣ በሕግ ዕውቀቱ ከፍ ብሎ፣ የቄሣሩ ዘብ አዛዥ ከሆነ በኋላ በ217 ራሱ ቄሣር ሆኗል። ቄሣርነት እስከ አፍሪካ ተወላጆች ድረስ የደረሰበት ያ ዘመን በራሱ ትልቅ ታሪክ ሆኖ ሳለ፣ ፊልሙ አባትየውን ሴቬሩስን ትቶ ማለፉ ሊጤን የሚገባው ጉድለት ነው።

ስለ ኮሎሲየም ትርኢትም እንዲሁ። ፊልሙ አደባባዩን ውሃ ሞልቶ መርከቦች ያዋጋል፤ በውሃውም ውስጥ ሻርክ የተባለውን ነጣቂ ዓሣ ይለቃል። የመርከብ ውጊያ ትርኢት መኖሩን የጥንት ጸሐፊ ስለ 80 ዓ.ም. የምረቃ በዓል ሲተርክ መዝግቦታል። የሻርኩ ነገር ግን የአዘጋጁ ፈጠራ ነው።

ተማሪዎች አንድ ነገር ደግሞ ልብ ማለት ይገባቸዋል። ፊልሙ «ዓለም ማለት ሮማ ናት» የሚል ስሜት ያሳድራል። በዚያው ዘመን ገደማ ግን በእኛ ምድር የአክሱም መንግሥት በርትቶ ነበር። ስሙ ገደራ ወይም ገደራት እየተባለ የሚነበበው የአክሱም ንጉሥ በደቡብ ዓረብ የድንጋይ ጽሑፎች ተጠቅሷል፤ በምሥራቅ ትግራይ ዓዲ ገለሞ በተገኘ የነሐስ ዕቃ ላይም ስሙ ተቀርጿል። አንድ ፊልም ያላሳየውን መጠየቅም የሂስ ክፍል ነው።

መ. ከአካባቢያችን፦ እንዳ ኢየሱስ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ስለ ተከታይ ክፍል ያለንን ሐሳብ በአገራችን ታሪክ እንፈትነው። በመቀሌ ከተማ የሚገኘውን የእንዳ ኢየሱስን ኮረብታ ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችሁት ይሆናል። ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በዚያ አካባቢ ይገኛል። በ1888 ዓ.ም. ግን በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የኢጣልያ ጦር ምሽግ ሠርቶ ነበር።

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በአምባላጌ የሻለቃ ቶዜሊን ጦር ድል አደረገ፤ ቶዜሊም ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሻለቃ ጋሊያኖ ከኢጣልያውያንና ከብዙ አስካሪዎች ጋር በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ተከበበ። በግንቡ ላይ የተደረገው ጥቃት ብዙ ሰው ጨረሰ። እቴጌ ጣይቱ ግን ምሽጉ የሚጠጣው ውሃ ከቅጥሩ ውጭ መሆኑን አስተውለው ምንጩ እንዲያዝ አደረጉ። ጥይት ያልፈታውን ጥም ፈታው። በጥር ወር ጋሊያኖ ምሽጉን ለቀቀ፤ በተደረገውም ስምምነት መሠረት ጦሩ መሣሪያውን እንደ ያዘ በሰላም ወጣ።

ዐፄ ምኒልክ ለምን ለቀቋቸው? አንዳንዶች የዕርቅን በር ላለመዝጋት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ጦሩን ወደ አድዋ አቅጣጫ ለማዞር ጊዜና መንገድ ለማግኘት ነው ብለው ይተረጕሙታል። የሆነ ሆኖ ጋሊያኖ ከወገኖቹ ጋር ተቀላቅሎ የካቲት 23 ቀን በአድዋ ተሰለፈ፤ በዚያም ሞተ።

እንግዲህ ይህን እንደ ሦስት ክፍል ፊልም አስቡት። አምባላጌ አንደኛው፣ እንዳ ኢየሱስ ሁለተኛው፣ አድዋ ሦስተኛው ክፍል ነው። ሁለተኛው ክፍል አንደኛውን አይደግምም፤ በአንደኛው ሜዳ ላይ ሰይፍ ያሸነፈውን በሁለተኛው ትዕግሥትና ውሃ ያሸንፋሉ። ሦስተኛውም ከሁለተኛው ውሳኔ ይወለዳል፤ በምሕረት የተለቀቀው ሰው ጠመንጃውን ይዞ ይመለሳልና። ተመልካቹም «ባይለቀቁ ኖሮስ?» እያለ ሲጨነቅ ይኖራል። ጥሩ ተከታይ ክፍል እንዲህ ከፊተኛው ውሳኔ የሚበቅል ነው።

ይህ ፊልም ቢሠራ ለሮማው ፊልም የተጠቀምንበት ሚዛን ለእኛም መሥራት አለበት። ከምሽጉ ውስጥ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ አስካሪዎች ነበሩ፤ እነዚህም በኢጣልያ ሥር ያገለገሉ የዚሁ አካባቢ ሰዎች ናቸው። ከአድዋ ድል በኋላ የተማረኩ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈርጧል። ድሉን አሳይቶ ይህን የሚደብቅ ፊልም ግማሽ እውነት ይናገራል። የሌላውን አገር ፊልም በታሪክ አዛብቷል ብሎ የሚወቅስ ሐያሲ፣ የራሱን ወገን የሚያሞግስ ፊልም ሲያይ ሚዛኑን ከደበቀ፣ ሐያሲ መሆኑ ቀርቶ አጨብጫቢ ሆኗል ማለት ነው።

ሠ. የቋንቋ ነጥብ

በሂስ ድርሰት ውስጥ ሦስት ዓይነት ዓረፍተ ነገሮች ይገኛሉ።

1. *የመረጃ ዓረፍተ ነገር* ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ይናገራል። ምሳሌ፦ «ተከታዩ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2024 ቀረበ።»
2. *የትርጓሜ ዓረፍተ ነገር* መረጃው ምን እንደሚያመለክት ይናገራል። ብዙ ጊዜ «ይመስላል»፣ «ያመለክታል»፣ «ማለት ይቻላል» በሚሉ ቃላት ይዘጋል። ምሳሌ፦ «አዘጋጁ የቄሣሮቹን ዕድሜ የለወጠው ጭካኔያቸውን ለማጕላት ይመስላል።»
3. *የፍርድ ዓረፍተ ነገር* ዋጋ ይሰጣል። ምሳሌ፦ «ይህ ለውጥ ፊልሙን አድክሞታል።»

ፍርድ ያለ መረጃ ከቀረበ ሐሜት ይሆናል፤ መረጃ ያለ ፍርድ ከቀረበ ደግሞ ዝርዝር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሦስቱን ለማያያዝ «ምንም እንኳ … ቢሆንም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ከዚህም በላይ»፣ «ስለሆነም»፣ «በአንጻሩ» የሚሉትን አያያዦች መጠቀም ይቻላል።

ረ. አርአያ ድርሰት

የሚከተለውን ድርሰት በጥሞና አንብቡ።

*የአባት ጥላ*

«ግላዲያተር» ክፍል ሁለት ከባድ ሸክም ተሸክሞ የመጣ ፊልም ነው። ፊተኛው ክፍል በብዙ ተመልካች ልብ ውስጥ ቦታ አግኝቷል፤ ተከታዩም ከዚያ ያነሰ እንዳይሆን ይፈራል። ይህ ፍርሃት በፊልሙ ሁሉ ላይ ይታያል።

ፊልሙ የሚነሣበት ሐሳብ መልካም ነው። ማክሲሙስ ሲሞት ሮማ ወደ ሸንጎዋ እንድትመለስ ተመኝቶ ነበር። ተከታዩ ክፍል ሲከፈት ግን ሮማ ዛሬም በጨካኞች እጅ ናት። አንድ ሰው ራሱን ስለ ሠዋ ብቻ አገር እንደማይድን ይህ ያመለክታል። ፊልሙ በዚህ ጥያቄ ላይ ጸንቶ ቢቆም ኖሮ ከፊተኛው የላቀ በሆነ ነበር።

ይሁን እንጂ ፊልሙ ከጥያቄው ይልቅ የፊተኛውን መንገድ ይመርጣል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሉሲየስ እንደ ማክሲሙስ ሚስቱን ያጣል፤ እንደ እርሱ ባሪያ ይሆናል፤ እንደ እርሱ በኮሎሲየም ይፋለማል። ተመልካቹ የሚመጣውን ስለሚያውቅ አይጨነቅም።

ከዚህም በላይ ፊልሙ ሉሲየስ የማክሲሙስ ልጅ መሆኑን ይገልጻል። በፊተኛው ክፍል የማክሲሙስ ልጅና የሉሲላ ልጅ በአንድ ዕድሜ ያሉ እንደ ነበሩ ተነግሯል። እንግዲህ ለሚስቱና ለልጁ ባለው ታማኝነት ያለቀስንለት ሰው ታማኝነቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። አዲሱ ምስጢር ለሉሲየስ ክብር ሲሰጥ ከማክሲሙስ ክብር ይቀንሳል። በተጨማሪም «ጀግና የሚወለደው ከጀግና ነው» የሚል ሐሳብ ያስተላልፋል፤ ይህ ደግሞ አንድ ባሪያ በራሱ ብርታት ቄሣርን እንደሚያንቀጠቅጥ ያሳየውን የፊተኛውን ክፍል ጭብጥ ይቃረናል።

በአንጻሩ የማክሪኑስ አቀራረብ የፊልሙ ትልቁ ብርታት ነው። ተዋናዩ በፈገግታው ውስጥ ስለት ይደብቃል። ይህ ሰው የሮማን ሰይፍ ቀምሶ ያንኑ ሰይፍ ለመጨበጥ የሚመኝ ነው። ግፍ የደረሰበት ሁሉ ፍትሕን እንደማይሻ፣ አንዳንዱ ተራውን ብቻ እንደሚጠብቅ ያሳየናል። ፊተኛው ክፍል ያልነገረን ይህን ነው።

ስለሆነም ፊልሙ ለዓይን የበለጸገ፣ በአንድ ገጸ ባሕርይም የጠነከረ፣ ነገር ግን በፊተኛው ጥላ ሥር የቆመ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ከአባቱ ጥላ ያልወጣ ልጅ ቁመቱ ስንት እንደ ሆነ አይታወቅም።

ሰ. መልመጃ

*መልመጃ 1። የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።*
1. ተከታይ ክፍል ያለበት ሁለት ዕዳ ምንና ምን ነው?
2. የቄሣር ኮሞዱስ በአደባባይ መፋለም ለሐያሲ ምን ያስተምራል?
3. በ200 ዓ.ም. ሮማን የሚገዛው ማን ነበር? ፊልሙስ በእርሱ ቦታ እነማንን ተክቷል?
4. የእንዳ ኢየሱስ ታሪክ የአምባላጌ ታሪክ ድጋሚ ያልሆነው ለምንድን ነው?

*መልመጃ 2። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች መረጃ፣ ትርጓሜ ወይም ፍርድ በማለት ለዩ፤ ምክንያታችሁንም አስረዱ።*
1. ጋሊያኖ በአድዋ ሞተ።
2. ምንጩ መያዙ ከግንቡ ጥቃት ይልቅ ለድሉ የረዳ ይመስላል።
3. ሻርኩ የፊልሙን ክብር ዝቅ አድርጎታል።
4. ማክሪኑስ በዛሬዋ አልጄሪያ ተወለደ።

*መልመጃ 3።* ከአርአያ ድርሰቱ ውስጥ አያያዥ ቃላትን አውጡ። እያንዳንዱ አያያዥ ሐሳብን የሚጨምር፣ የሚቃረን ወይም የሚደመድም መሆኑን ጻፉ።

*መልመጃ 4።* የአርአያ ድርሰቱ ጸሐፊ ከአራቱ መመዘኛዎች አንደኛውን ፈጽሞ አልተጠቀመበትም። የትኛውን እንደ ሆነ ለይታችሁ፣ በክፍል «ሐ» ከቀረበው መረጃ አንድ አንቀጽ በመጻፍ ድርሰቱን አሟሉ። አንቀጹ ከየትኛው አንቀጽ ቀጥሎ መግባት እንዳለበትም አመልክቱ።

*መልመጃ 5።* ለሁለት ተከፍላችሁ ተከራከሩ፦ «ታሪካዊ ፊልም ሠሪ ለጥበብ ሲል ታሪክን መለወጥ ይፈቀድለታል።»

*መልመጃ 6።* ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ ከ250 ቃላት ያላነሰ ድርሰት ጻፉ።

ሀ. ያያችሁትን አንድ ታሪካዊ ፊልም ወይም ተውኔት በአራቱ መመዘኛዎች መዝኑ።

ለ. የእንዳ ኢየሱስ ከበባ በፊልም ቢሠራ ከማን ወገን ዓይን ሊታይ ይገባዋል? ከውሃ ቀጂ፣ ከአስካሪ፣ ከእቴጌይቱ ወይስ ከተከበበው ወታደር? ምርጫችሁን በምክንያት ደግፉ፤ በአካባቢያችሁ ታሪኩን ከወላጆቻቸው የሰሙ አረጋውያን ካሉ ጠይቃችሁ፣ የነገሯችሁን በመጽሐፍ ካገኛችሁት ጋር አነጻጽሩ።